የደመሰስኩት የካኪ ዛፍ

እናቴ ፉኪ ከጃፓን፣ ከሺኮኩ ደሴት ተራሮች ተነስታ ብራዚል የገባችው በ1955 ነው። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ኢቶኖ፣ እዚያው ሂኖሳኮ በምትባለው መንደራቸው ቀሩ። እኔ ጌኒቺ የፉኪ ልጅ ነኝ፤ ሎንድሪና ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ከዚህ በታች ያሉት እኔና አክስቴ በ2004 የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ሳልልከው የቀረውንም አንዱን ጨምሬዋለሁ፤ ልጆቼ አንብበው የሚሉኝን ይበሉኝ።

ሂኖሳኮ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2004

ለእህቴ ልጅ ለጌኒቺ፣

የቼሪው አበባ ረግፎ አለቀ፤ የሻይ ተክሉ ቀንበጥ እያወጣ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ብርድ ሊገባ ነው አሉ፤ መቼም ሁሉ ነገር የተገለበጠበት አገር ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? እትዬ ፉኪስ ደረቷ ተሻላት? እኔ ጆሮዬ ደነቆረ እንጂ እግሬ ገና የፍየል እግር ነው።

የላክህልኝ ካሜራ ደርሶኛል። ስፈታው ሳሙና መስሎኝ አሸተትኩት። ፖስተኛው አጠቃቀሙን ጆሮዬ ሥር እየጮኸ አስረዳኝ፤ አሁን ገብቶኛል።

እትዬ ፉኪ ቁርጥራጭ ፎቶ እንደሰለቻት፣ መንደራችንን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ምስል ማየት እንደምትፈልግ ጽፈህልኝ ነበር። ስለዚህ ትናንት የገመዱን ድልድይ ተሻግሬ ማዶ ካለው ትንሽ ቤተ መቅደስ ወጣሁ። ከዚያ ሲያዩት ዳገታችን በሙሉ ፊት ለፊት ነው፤ በግራ የቀርከሃው ጫካ፣ መሃል ላይ የኛ ቤትና የካኪው ዛፍ፣ በቀኝ የሻይ እርከኖቹ። ይህን ሁሉ አንድ ፎቶ አይችለውም። እንዳልከኝ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርኩ ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁ።

ጎረቤቴ ኩማታሮ ከታች ሆኖ አየኝና «ኢቶኖ! የምታድኚው ከርከሮ ነው ወይስ ባል?» ብሎ ጮኸ። የሱን ጩኸት እንኳ እሰማለሁ። «ባል ቢሆንማ ወደ አንተ ቤት አላነጣጥርም ነበር!» አልኩት። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው እንደ ልጅ እየሳቀ ሄደ።

የፎቶውን ካርድ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ለእትዬ ፉኪ፣ የተከለችው ካኪ አሁንም ያን ቀይ ጣፋጭ ፍሬውን እንደሚያፈራ ንገርልኝ። ሰውነታችሁን ከብርድ ጠብቁ።

ኢቶኖ

ሎንድሪና፣ ሜይ 5 ቀን 2004

ለተከበሩ አክስቴ፣

እዚህ ጠዋት ጠዋት ጉም መውረድ ጀምሯል። የሻይ ለቀማው ወገብዎን እንዳይጎዳው እየሰጋሁ፣ ባሉበት ጤና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እናቴ ደረቷ ሲሻላት ሲብስባት ነው የሰነበተችው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ይላል፤ እሷ ደግሞ ሐኪሙ ነው የደከመው ትላለች።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ያምራሉ። ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቼ እንደ አንድ ምስል ልሰፋቸው ስሞክር ግን አልተሰፉም። ከፊትዎ ያለው የመቅደሱ የድንጋይ ምሰሶ በአንዱ ፎቶ ከካኪው በስተግራ፣ በሚቀጥለው በስተቀኝ ሆኖ ወጥቷል። እናቴ አይታው «ቤታችን ሰክሯል እንዴ? ኢቶኖ እኮ ከልጅነቷም ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም» ብላ ሳቀች።

ምክንያቱ ይኸውልዎ። እጅዎን ዘርግተው ሲዞሩ ካሜራው በዙሪያዎ ይሄዳል። ካሜራው ቦታውን ሲለቅ ደግሞ ቅርብ ያለው ነገር በጣም ይዘላል፣ ሩቅ ያለው ብዙም አይነቃነቅም። ጣትዎን ፊትዎ ላይ ቀስረው በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎ በሌላው ቢያዩት ይገባዎታል፤ ጣቱ ይዘላል፣ ተራራው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ካሜራው ባለበት ይቁም፤ እርስዎ ይዙሩት።

ካሜራው ላይ ክር ይሰሩና ጫፉ ላይ ባለ ቀዳዳዋን የአምስት የን ሳንቲም ያንጠልጥሉ። የቆሙበት ድንጋይ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሳንቲሟ ምልክቱን ሳትለቅ እርስዎ በዙሪያዋ እየተራመዱ ያንሱ። እያንዳንዱ ፎቶ ያለፈውን አንድ ሦስተኛ ይድገም፤ እኔ የምሰፋው በዚያ ድርብ ላይ ነው። ደግሞ ዘጠኙንም በአንድ ቀን ያንሷቸው።

እናቴ «መጀመሪያ ሙሉውን ልየው፤ ቀጥሎ ደግሞ በመከር ካኪው ሲቀላ ያለውን፣ አንዴ ብቻ» ብላለች። በርቺ በላት ብላኛለች።

ጌኒቺ

ሂኖሳኮ፣ ጁን 30 ቀን 2004

ለጌኒቺ፣

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። የወለሉ ታታሚ ምንጣፍ ሻግቷል፣ እኔም ልሻግት ምንም አልቀረኝ። እናንተ ደህና ናችሁ? የእትዬ ፉኪን ሳቅ ጽፈህ ስለላክህልኝ ደስ ብሎኛል፤ ቀጥ ብዬ ቆሜ እንደማላውቅ ግን ውሸቷን ነው።

ፎቶዎቹን ልኬልሃለሁ። የግራዎቹን አምስቱን ያነሳሁት ጁን 11 ነው። ስድስተኛው ላይ ባትሪው ሞተብኝ። ልሞላው ቤት ስገባ ዝናቡ ያዘ፤ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ አልለቀቀም፣ ድልድዩም ተዘጋ። የቀሩትን አራቱን ያነሳሁት ትናንት ነው። በአንድ ቀን አንሺ ብለኸኝ ነበር፤ እንግዲህ ከሰማይ ጋር አንተው ተነጋገር። ሳንቲሟ ግን ከምልክቱ ንቅንቅ አላለችም። ምልክቱን በሚስማር ነው የቀረጽኩት፤ የመቅደሱ ባለቤት ይቅር ይበለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምንጫችን ውኃ ነጥቷል፤ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ኩማታሮም የመታጠቢያ ቤቱ በር አልገጥም ብሎት «ቤቴ ወፈረ» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልጆች ሆነን አንድ ጊዜ ምንጩ እንዲህ ነጥቶ ነበር፤ አባታችን ለእትዬ ፉኪ ብቻ የነገራት ነገር አለ። እኔ ያኔ ትንሽ ስለነበርኩ ደጅ አስወጡኝ። ምን እንዳላት ጠይቅልኝ፤ እሷ ነገር አትረሳም።

ኢቶኖ

ሎንድሪና፣ ጁላይ 11 ቀን 2004
(ያልተላከ)

የተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። እናቴ ጁላይ 4 ቀን ጠዋት አርፋለች። መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሚስቴ ሾርባ ይዛላት ስትመጣ አልመለሰችላትም።

የእርስዎ ፖስታ የደረሰው ትናንት በሰባተኛ ቀኗ፣ ካህኑ ጸሎት እያነበበ ሳለ ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ ከፈትኩት። የሚጠይቁኝን ጥያቄ የምጠይቃት የለችም።

እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ባልዎ ከሞቱ ወዲህ ከደጅዎ ርቀው የማይወጡት ሴት አሁን ድልድይ የሚሻገሩት ለሷ ብለው ነው። ብነግርዎት ካሜራውን ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ በኋላ ለእኔስ ማን ይጽፍልኛል? የምደብቅዎት ለእርስዎ በማዘን ብቻ እንዳልሆነ ልመን። በእናቴ ቋንቋ የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው የለኝም።

*

ይህን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ሌላ ጻፍኩ።

ሎንድሪና፣ ጁላይ 18 ቀን 2004

ለተከበሩ አክስቴ፣

በዝናቡ ወቅት መጽናናትና ጤና እመኝልዎታለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ዘጠኙን ፎቶ ሰፍቼ፣ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ወረቀት አትሜ በጥቅል ልኬልዎታለሁ። የድንጋይ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የተራራው ጫፍም ሳይሰበር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። እናቴ ብዙ ሰዓት አየችው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ፎቶ በሚገናኙበት ላይ ብቻ ትንሽ እንከን ነበረች። የካኪው ዛፍ ሁለት ሆኖ ታየ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። የሻይ እርከኑም ግንብ አልገጠመም። እጅዎ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነው፤ አይዘኑበት፣ ማንም ሰው ያጋጥመዋል። አንዱን ዛፍ ደምስሼ፣ ግንቡን ጎተት አድርጌ አገናኘሁት። አሁን የተሰፋ መሆኑን ማንም አያውቅም።

ስለ ምንጩ እናቴን ጠይቄያት አላስታውስም ብላለች።

ጌኒቺ

ሂኖሳኮ፣ ኦገስት 17 ቀን 2004

ለጌኒቺ፣

የሙታኑ በዓል፣ ቦን፣ ትናንት አለፈ። ዘንድሮም በካኪው ሥር የመቀበያውን እሳት አንድጄ ሙታኖቻችንን በየስማቸው ጠራኋቸው፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ባሌን። ሦስት ቀን አብረውኝ አደሩ፣ ትናንት ሸኘኋቸው። ለእትዬ ፉኪም በሕይወት ያለ ሰው እንደሚመረቅ ዕድሜ ለመንኩላት።

ምስሉ ደርሶኛል። ግድግዳው ላይ ሰቅዬው እንደ ሞኝ ስስቅ ዋልኩ። ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። እጄ አልተንቀጠቀጠም! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የማስገባው ራሴ ነኝ። ሳንቲሟ ከምልክቱ ላይ ነበረች አልኩህ፣ ነበረች።

ደግሞ ስማ፣ ምስልህ ጉድ ሠራ። ባለፈው ሳምንት በዳገቱ ላይ የቀረነው አምስት ሰዎች ኩማታሮ ቤት ተሰብስበን ነበር። አሁን የቤቱ በርም ጭራሽ አልከፈት ብሎት በመስኮት ነው የሚገባው። ከላይ ከጥዱ ጫካ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ሥር ሲበጠስ ነው አለ። «ተራራው ተነስቷል። እኔ ልጄ ጋ እወርዳለሁ» ብሎ ዕቃውን ግማሹን አስሮ ጨርሷል። እኔ ምስልህን ይዤ ሄጄ መሬት ላይ ዘረጋሁት። «እዩት! ከዳር እስከ ዳር አንድ የተሰበረ ግንብ አለ? ካኪው ዘንበል ብሏል?» አልኳቸው። ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ኩማታሮ ግንቡን በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ተከተለና «እውነትሽን ነው፣ እርጅና ነው የሚያስፈራኝ» ብሎ ዕቃውን ፈታ።

እኔ ድምፁን አልሰማም። ግን ለአንተ ልንገርህ፣ ሩዝ እያጠብኩ ሳለ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማኝ። ውኃው ሳህኑ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እጄ ነው ብዬ ሳህኑን አስቀመጥኩት፤ ተቀምጦም ተንቀጠቀጠ።

ኢቶኖ

ሎንድሪና፣ ኦገስት 29 ቀን 2004 (በአስቸኳይ ፖስታ)

አክስቴ፣

ይህን ሳያነቡ እሳት እንኳ አያንድዱ። ዛሬ ስልክ ደውዬልዎ ነበር፤ «ማነህ? ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ስልክ ውድ ነው» ብለው ዘጉብኝ። እንደማይሰሙኝ ባውቅም ከዘጉት በኋላ ቆሜ መጮሄን አልተውኩም።

እጄ አልተንቀጠቀጠም ስላሉኝ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ከፍቼ አየኋቸው። ልክ ነዎት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካሜራው ቦታውን ቢለቅ ኖሮ የሚዘለው ቅርቡ ነገር፣ የድንጋይ ምሰሶው ነበር። ምሰሶው ግን በሁለቱም ፎቶ ፍጹም ገጥሟል። ከኋላ ያለው የተራራ ጫፍም ገጥሟል። ያልገጠመው መሃሉ ብቻ ነው፤ ካኪው፣ የእርስዎ ቤት፣ የኩማታሮ ቤት፣ እርከኖቹ። ሁሉም አንድ ላይ ወደ ታች ወርደዋል። አምስተኛውን ጁን 11፣ ስድስተኛውን ጁን 29 አንስተዋል። በአሥራ ስምንት ቀን ዳገቱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ተንሸራቷል፤ ሁሉም አብሮ ስለሚሄድ እላዩ ላይ ላለ ሰው አይታይም።

ሁለቱ ዛፎች እውነት ነበሩ። አንዱን የደመሰስኩት ምስሌ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። ኩማታሮ ዕቃቸውን የፈቱት በኔ ውሸት ነው።

ለአውራጃው ቢሮ ደውዬ ነበር። «ብራዚል ሆነህ የኛ ተራራ መነሳቱን በምን አወቅህ?» አሉኝ፤ የአውሎ ነፋሱ ወራት ሲያልፍ ሰው እንልካለን አሉ። እርስዎ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይውረዱ። ያልተነካካውን ፎቶ በቀይ አስምሬ ልኬዋለሁ፣ ለሁሉም ያሳዩልኝ።

እናቴም ውረጂ ብላለች።

ጌኒቺ

ሂኖሳኮ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2004

ለጌኒቺ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ትናንት ነፋስ መጥቶ ጣሪያዬን ሲያገላብጠው ዋለ፣ ደክሞኛል።

ፎቶህን ለሁሉም አሳየሁ። ከዚያ እኔና ኩማታሮ ከቤታችን በላይ ወዳለው የጥድ ጫካ ወጣን። ከጫካው ወገብ ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ከኩማታሮ ቤት በላይ ጀምሮ ከእርከኖቹ በላይ ድረስ እንደ ተከፈተ አፍ ይሄዳል። ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁት፣ ወለሉን አልነካም። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ኩማታሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይቀልድ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ልጁ ጋ ሄደ፤ ሌሎቹም ሄደዋል። «ኢቶኖ፣ በጀርባዬ አዝዬሽ ልሂድ?» አለኝ። «መጀመሪያ ራስህን ቻል» አልኩት። ሲሄድ ዞሮ ዞሮ አየኝ።

እኔ አልወርድም። ፈርቼ አይደለም እንዳትል፣ ፈርቻለሁ፤ ጫማዬን አድርጌ ነው የምተኛው። ግን ካኪው ሊቀላ አንድ ወር ነው የቀረው። እትዬ ፉኪ ሲቀላ አንዴ ብቻ ልየው ብላኛለች። አርባ ዘጠኝ ዓመት ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። ያችን ፎቶ አንስቼ በማግስቱ እወርዳለሁ፤ ይኸው ቃሌ። እስከዚያ እርከኑ ላይ ያለውን ሻይ ማንስ ያርመዋል?

ደግሞ አንተን ላስቸግርህ፤ ስለ ምንጩ ደግመህ ጠይቃት። አባታችን የነገራትን አላስታውስም ማለቷ አልገባኝም። እሷ እኮ የጎረቤት በግ የሞተበትን ቀን የምታስታውስ ሰው ናት።

ለሚያስቸኩል ነገር፣ መንገዱ ዳር ያለችው ባለሱቅ ወረቀት የሚተፋ ስልክ አላት። ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ።

ኢቶኖ

ፋክስ፤ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2004
ለሂኖሳኮ ሱቅ፤ እባክዎ ይህን ወረቀት አሁኑኑ ለእመት ኢቶኖ ያድርሱልኝ።

አክስቴ፣

እናቴ ሞታለች። ጁላይ 4 ቀን ነው የሞተችው። የሰፋሁትን ምስል አላየችም። ስለ ምንጩ አልጠየቅኳትም፤ ውረጂም አላለችዎትም። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካኪው ሲቀላ የሚያይ ሰው የለም። እዚያ የሚያስቀምጥዎ የኔ ውሸት ብቻ ነው። እባክዎን ይውረዱ። ይስደቡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ግን ታች ሆነው።

ጌኒቺ

*

መልስ አልመጣም። በሴፕቴምበር መጨረሻ ትልቅ አውሎ ነፋስ ሺኮኩን እንደመታ ዜና ላይ ሰማሁ። አክስቴ ቤት ስደውል ስልኩ አይጠራም፤ ሱቁም አይጠራም። ለአውራጃው ቢሮ ስደውል መስመሩ ተይዟል። ደንበኞች እንድሰፋው የሰጡኝን የሠርግ ፎቶ እንኳ መንካት አቃተኝ።

ሎንድሪና፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2004

አክስቴ፣

አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። ሰላም ነዎት ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም፣ ግን እጠይቃለሁ። የጁኑን ዘጠኝ ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ ዘርግቼ የእርስዎን መስኮት አያለሁ። መጋረጃው ተከፍቷል። ከልጄ ጋር እንኳ መነጋገር አልቻልኩም። ባዶ ፖስታም ቢሆን ይላኩልኝ፤ የእጅ ጽሑፍዎን ሽፋኑ ላይ ልየው።

ጌኒቺ

ሂኖሳኮ ታች፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2004

ለጌኒቺ፣

አየሩ ቀዝቅዟል። በሕይወት አለሁ። አውቄ ነው ያልጻፍኩልህ።

ባለሱቋ ፋክስህን ይዛ ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። የተጻፈውን አንብባዋለች መሰለኝ፣ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ካኪው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። በማግስቱ የአባቴን፣ የእናቴንና የባሌን የመታሰቢያ ስም ሰሌዳ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አድርጌ ወረድኩ። በሩን እንኳ አልቆለፍኩም።

ዳገቱ የወደቀው ሴፕቴምበር 29፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ እንኳ ሰማሁት። ምንጩ ሲነጣ አባታችን ለእትዬ ፉኪ የነገራት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ከቤታችን ጀምሮ በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ፣ ካኪውም የኩማታሮ ቤትም እርከኖቹም፣ ወንዙ ውስጥ ናቸው። ሰው አልሞተም። ኩማታሮ ከልጁ ቤት መጥቶ አየና «ቤቴ ከሳ» አለ፤ ከዚያ ግን አለቀሰ።

ዛፉን ስለደመሰስከው ይቅር ብዬሃለሁ። ሥራህን ስለምትወድ ነው፣ ስህተትህንም ራስህ አገኘኸው። ስለ ቦን ግን ገና ይቅር አላልኩህም። እሷ ከሞተች አርባ ቀን ሆኗት ነበር፤ ከሞተች በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ቦን ነበር። እኔ እሳት አንድጄ ሦስቱን ጠርቼ እሷን አልጠራኋትም። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማ ይሆናል። ስሟን ማንም አልጠራም። እኔ ደግሞ ውስጥ ተቀምጬ ዕድሜ እለምንላታለሁ! ይህን ሳስብ አንተን በዚያ አባቴ በሚመታኝ ቀርከሃ መግረፍ ያምረኛል። ከዚያ ደግሞ ብቻህን ኮምፒውተርህ ፊት የተቀመጥከው ይታየኛል፣ ንዴቴም ይበርድና እንደገና ይነሳል።

ድልድዩ ትናንት ተከፈተ። ማዶ ወጣሁ። ምልክቴ እንዳለ ነው። ሳንቲሟን አንጠልጥዬ የቀኞቹን አራት ፎቶዎች ብቻ አነሳሁ። አሁን ግን እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልክድህም።

አንተ ጋ ያሉትን የጁኑን አምስቱን በግራ፣ እነዚህን አራቱን በቀኝ አድርገህ ስፋቸው። መጋጠሚያው ላይ ቤታችን አለ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። አንዳች እንዳትደመስስ፤ ጎትተህም እንዳታገናኘው። የማይገጥመው ሳይገጥም ይቅር።

ትልቅ አድርገህ አትመውና እትዬ ፉኪ ፎቶ ፊት አቁምላት። የምታውቀው መንገድ ወደ ካኪው የሚወጣውን ብቻ ነው። በሚመጣው ቦን እሳቱን የማነደው እዚህ ታች፣ ባለሱቋ ባከራየችኝ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የምጠራው የሷን ስም ነው። ቤቱ ድሮ የት እንደነበረ፣ አሁንም እንደሌለ ቀድማ ትየው፤ ያን ገደል ስትወጣ እንዳትንከራተት። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ዳገቱን ትታ ወደ ግራ ትታጠፍ በላት።

ኢቶኖ